ውሻ ያዙ!

ኢየሩሳሌም፣ ኅዳር 6 ቀን 2015 ዓ.ም.

የዛሬ ጠዋት፦ እንጀራው በሰዓቱ ገባ። አንድ ጆንያ ጤፍ እርጥበት ነክቶት መጣ፤ መለስኩት። በርበሬ ሊያልቅ ነው። ከታችኛዋ ጎረቤት ሁለተኛ ወረቀት፣ በቤቴ በር ላይ ተለጥፎ።

ይድረስ ለወንድሜ ለውበቱ አይቸው፣ ጎንደር።

የአባቶቻችን አምላክ አንተን፣ ባለቤትህን ልቅናሽንና ልጆቹን ከነጤናችሁ ያቆይልኝ። እኔ ደህና ነኝ። አባትህም ደህና ናቸው። ደብዳቤዬ በሱቅ ወሬ መጀመሩን አትታዘበኝ፤ ጠዋት ጠዋት የቀኑን ነገር እመዘግባለሁ፤ እጄ ስለለመደ ሌላ አጀማመር አያውቅም።

በስልክ ስንነጋገር የምናወራው ለአባባ ጆሮ ነው። ድምፁን ከፍ አድርገው መሃላችን ይቀመጣሉ፤ እኔ «ደህና ነን» እላለሁ፣ አንተ «ደህና ነን» ትላለህ፣ ያልቃል። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለአንተ ብቻ ነው። የሚያደርስልህ ለዘመዶቹ ሠርግ ወደዚያ የሚመጣ ደንበኛዬ ነው፤ መልስህንም ለእሱ ስጠው።

አባባ እኔ ቤት ከገቡ ሁለተኛ ዓመታቸውን ይዘዋል። አንተ ባለትዳር ነህና ወደዚህ የመምጣት ጉዳይህ ለብቻው ይታያል ተብለህ ስትቀር፣ እዚህ ከእኔ የቀረበ ዘመድ ስለሌላቸው ተቀበልኳቸው። አባቴና እሳቸው የአክስትና የአጎት ልጆች ናቸው። ይህን የምጽፈው ውለታ ለመቁጠር አይደለም። ቤቱ እንዴት እንደሚውል እንድታውቅ ነው።

እኔ ጎህ ሳይቀድ ወደ ሱቄ እሄዳለሁ። አባባ ትንሽ ቆይተው ይነሣሉ። ዓይናቸው ደክሟል፤ አንዷን መንገድ ግን በእጃቸው ያውቋታል። ከሕንፃው በር ወጥተው የድንጋዩን ግንብ እየዳሰሱ ወደ ኢትዮጵያ ጎዳና ይወጣሉ፤ ከኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በር ፊት ለፊት ካለች የድንጋይ መቀመጫ ላይ ያርፋሉ። ከደባርቅ ወገን የሆኑ አንድ ሸምገል ያሉ መነኩሴ ይወጡና አብረዋቸው ይቀመጣሉ። ስለ እርሻ ነው ወሬያቸው። አንድ ቀን ስቄ ብጠይቃቸው፣ «እኔ የኦሪት፣ እሳቸው የወንጌል፤ ሃይማኖታችን ለየብቻ ነው። ዝናባችን ግን አንድ ነበር» አሉኝ። ፀሐይዋ ስትበረታ በዚያችው መንገድ ይመለሳሉ። ቁልፍ ላስቀርጽልዎ ብላቸው፣ «የሰው ቤት ቁልፍ ይዤ አልዞርም» አሉ። እኔም በራችን አጠገብ ካለው የጤና አዳም ማሰሮ ሥር አንድ ቁልፍ እደብቅላቸዋለሁ፤ በሱ ከፍተው ይገቡና መልሰው እዚያው ያስቀምጡታል። የእርጅና ግትርነት ነው ብዬ ተውኩት።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ከእኛ በታች የምትኖር ዚቫ የምትባል ጡረተኛ አለች። ልጄ ኦሽራት ለትምህርት ቤርሳቤህ ስትሄድ ጥላብኝ የሄደችው ሾኮ የሚባል ውሻ አለ። ዚቫ በወረቀቷ፣ ውሻሽ በየማለዳው ይጮኻል፣ ደረጃው ድንጋይ ስለሆነ ያስተጋባል፣ መላ ካላበጀሽለት ማዘጋጃ ቤት እከስሻለሁ ትላለች። ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያውን ስትለጥፍ ወረድኩና አነጋገርኳት።

«ዚቫ፣ የኔ ውሻ መጮህ አያውቅም። የፖስታ ቤቱ ሰውዬ ሲመጣ እንኳ አልጋ ሥር ነው የሚገባው።»

«ታዲያ እኔ ነኝ የምጮኸው?»

«እሱን አላውቅም» አልኳት። ለነጋዴ ጥሩ መልስ አልነበረም።

በማግስቱ የቤቱ ባለቤት ኤራን ደወለ። ውላችን በፋሲካ ያልቃል። «ክርክር ያለበት ቤት አላድስም» አለኝ። ቤት ሌላ ቦታ አይጠፋም፤ ከከተማ ወጣ ብሎ አለ። አባባ ግን ሌላ መንገድ አይለምዱም። ከዚህ ሰፈር ከወጣን መስኮት ሥር ተቀምጠው ነው የሚቀሩት። የሚያሳስበኝ ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ ይታለፋል።

እንግዲህ የምጠይቅህ፦ አባትህ ከውሻ ጋር እንዴት ናቸው? ይጠሉታል? እኔ በሌለሁበት ይመቱት ይሆን? እሳቸውን ብጠይቅ ይቀየሙኛል።

ነገ፦ ለረጠበው ጤፍ ምትክ እንዲሰጠኝ አስመጪውን ማነጋገር።

እህትህ አዝመራ

*

ጎንደር፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለተከበርሽው እትዬ አዝመራ፣

ከአለሁበት ሆኜ እጅ እነሣለሁ። የሰማይ አምላክ የእጅሽን ሥራ ይባርክ፣ ደጅሽን ያስፋው፤ አባቴን እንዳኖርሽልኝ ልጅሽ ኦሽራት ትጡርሽ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልቅናሽ ሰላም ብላሻለች። ልጆቹ ዕብራይስጥ መቁጠር ችለዋል፤ ትልቁ ታናሹን ሲቆጣ እንኳ በዕብራይስጥ ነው።

ደብዳቤሽ ዘግይቶ ደረሰኝ፤ ሰውዬው ከሠርጉ በኋላ ታሞ ቆይቶ ነው። መልሴም በዚሁ የተነሣ ዘገየ።

ስለ ውሻው፣ አባቴ ውሻ ጠልቶ አያውቅም። እኛ ቤት ውሻ ያልነበረበት ጊዜ አላስታውስም። ይመታዋል ብለሽ አታስቢ፤ ድንጋይ ሲያነሣበት እንኳ አላየሁም። ምናልባት ጎረቤትሽ የሌላ ሰው ውሻ ሰምታ ይሆናል። በዚህም ሰፈር እንዲህ ያለ ጠብ አለ፤ እኛጋ በዶሮ ነው።

ስለ እኛ ጉዳይ አባቴ ከጠየቀሽ «በቅርቡ ነው» በይልኝ። ሻንጣ ገዛችሁ ወይ ብሎኝ ነበር፤ ገዝተናል ብዬዋለሁ። አንቺም እንዲሁ በይው። ከዚያ በላይ ዝርዝር ውስጥ አትግቢ።

ሁለት ነገር ላስቸግርሽ። አንደኛ፣ የአባቴን ፎቶ ላኪልኝ፤ ተቀምጦ ሳይሆን ቆሞ። በስልክ የምናየው ግንባሩን ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ከተገኘ ለቅርብ የሚያሳይ መነጽር። እንጨት ላይ የማሰምረው መስመር እየጠፋብኝ በር ሠርቼ ሁለቴ ጠመመብኝ።

ወንድምሽ ውበቱ

*

ኢየሩሳሌም፣ ጥር 8 ቀን 2015 ዓ.ም.

የዛሬ ጠዋት፦ ዝናብ። እንጀራው ዘግይቶ ገባ፤ ሁለት ደንበኛ ባዶ እጁን ተመለሰ። ምትኩ ጤፍ ደርሷል፣ ደረቅ ነው። ከማዘጋጃ ቤት አንድ ማስጠንቀቂያ።

ወንድሜ ውበቱ፣ ሰላምታዬ ከነቤተሰብህ ይድረስህ። መነጽሩና ፎቶው ከዚህ ጋር አሉ። ፎቶውን ያነሣሁት ኢትዮጵያ ጎዳና ላይ ነው፤ ቁሙልኝ ስላቸው ካፖርታቸውን እስኪቆልፉ አስጠበቁኝ።

የውሻውን ነገር ደረስኩበት።

ከዚቫ ጋር በወረቀት መመላለሱ ሰለቸኝ። አንድ ማክሰኞ ሱቁን ለጎረቤቴ ነጋዴ አደራ ብዬ ጠዋት በሯን አንኳኳሁ። «የምትሰሚውን አብሬሽ ልስማ» አልኳት። ተገረመች፤ ግን አስገባችኝ። ወጥ ቤቷ በጓሮ በኩል ነው። ሻይ አቀረበችልኝ። ባሏ ከሞተ ወዲህ እንቅልፍ የሚወስዳት ሊነጋጋ ሲል ብቻ መሆኑን ነገረችኝ፤ እሱንም ውሻው ይወስድባታል። ይህን ወረቀቱ ላይ አልጻፈችውም ነበር።

ፀሐይዋ በረታ ስትል የሕንፃው በር ሲንቋቋ ሰማን። ከዚያ ከታች፣ ከደረጃው ሥር፣

«ቤቶች! ውሻ ያዙ!»

እንደገና፣ «ቤቶች! ኧረ ውሻ ያዙ!»

ከላይ ሾኮ መለሰ። እውነቷን ነው፣ ደረጃው ያስተጋባል። ውሻው አንድ ሳይሆን መንጋ ይመስላል።

«ይኸው፣ ሰማሽ?» አለች ዚቫ።

«ሰማሁ።»

«ያ ሰውዬ ነው የሚያስቆጣው። በየጠዋቱ ይመጣና እዚያ ታች ቆሞ ይጮኻል። አሮጌ ዕቃ የሚገዛው ሰውዬ መሰለኝ። አንድ ቀን አሮጌ ምንጣፍ አለኝ ብዬ ብወጣ ጠፋብኝ።»

ልስቅ ነበር፣ ግን ሻዬን ጠጣሁ። አባትህ ናቸው አላልኳትም። ብናገር ክሱ ከውሻው ወደ እሳቸው ይዞራል። ውሻ ቢከሰስ ይሻላል።

አመስግኛት ወጣሁና ወደ ላይ አየሁ። አባባ ከበራችን ጥቂት ደረጃ ዝቅ ብለው፣ በትራቸውን ፊታቸው ተክለው ቆመዋል። ውሻውን የሚይዝ ሰው ይጠብቃሉ። ቤት ውስጥ ግን ማንም የለም። ሾኮ እስኪደክመው ጮኾ ዝም ሲል ቁልፉን ከማሰሮው ሥር አወጡ። ሲከፍቱ ውሻው እግራቸው ላይ ተጠመጠመ። ጠላት አይመስልም።

ተከትያቸው ገባሁ። «አባባ፣ ውሻው እኮ ያውቅዎታል። ምን ያስጣራዎታል?»

«እንዴ! ሰው ደጅ ደርሶ ሳይጣራ ዘው ይላል?»

«ቤት ውስጥ ሰው የለም። ማን ይያዘው?»

«መጣራቱ የኔ ነው፣ ልጄ። መያዙ የባለቤቱ ነው።»

እኔ ልጅ ሆኜ ነው የመጣሁት፣ አገር ቤት እንግዳ እንደዚያ እየተጣራ ሲመጣ ትንሽ ትንሽ ትዝ ይለኛል። ልማድ ነው፣ ይለቃቸዋል ብዬ አሰብኩ። አልለቀቃቸውም። ስለምናቸው «እሺ» ይላሉ፣ በማግስቱ ይጣራሉ።

ከዚያ ሾኮን ለአንድ ደንበኛዬ ለሳምንት ሰጠሁት። ውሻ ከሌለ ጩኸት የለም ብዬ። በዚያው ቀን እኩለ ቀን ላይ የረሳሁትን ዕቃ ልወስድ ብመለስ፣ አባትህ ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል። በብርድ። ቁልፉ ማሰሮው ሥር እንዳለ ነው።

«ምነው አባባ?»

«ብጣራ ብጣራ የመለሰልኝ የለም» አሉኝ።

በማግስቱ ውሻውን አስመለስኩ።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። ውሻው ቢሄድ እሳቸው ደጅ ይቀራሉ፤ ውሻው ቢቀር ቤቱን እናጣለን። አንተ በስልክ ንገራቸው፤ የልጅ ቃል ይሰማ ይሆናል። በሳቅ አድርገህ ንገራቸው። ካልሆነ ሌላ መንገድ አለ፤ እሱን ዛሬ አልጽፈውም።

ዝርዝር ውስጥ አትግቢ ብለኸኛል። እኔ ዝርዝር አልተነገረኝም። ያለው ምንድን ነው? አባባ ትናንትም ጠይቀውኛል፤ «ውበቱ ሲመጣ የሚያርፍበትን ቤት ማየት ጀመርሽ?» ብለው። ጀምሬያለሁ አልኩ። መዋሸት አልወድም፤ በሥራዬም አይጠቅመኝም።

ነገ፦ ማስጠንቀቂያውን ሕግ ለሚያውቅ ሰው ማሳየት፤ መልስ መስጫው ቀን አልገባኝም።

አዝመራ

*

ጎንደር፣ የካቲት 23 ቀን 2015 ዓ.ም.

እትዬ አዝመራ፣ ጤና ከአንቺ አይራቅ።

ለፎቶውና ለመነጽሩ ምን እላለሁ። አባቴ ከስቷል፤ ካፖርታው ግን ያማረ ነው።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሰነበተ። መልስ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ተቀምጬ ተነሥቻለሁ። መጀመሪያ ሳነበው ሳቅሁ፤ አሮጌ ምንጣፍ ይዛ የወጣችው ሴትዮ ነች ያሳቀችኝ። ለልቅናሽ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። እሷ አልሳቀችም። «አባባ እኛ ቤት ሲመጡ መቼ ተጣርተው ያውቃሉ?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። እትዬ፣ አንቺ በልጅነትሽ ስለወጣሽ አይፈረድብሽም። «ውሻ ያዙ» የሚለው እንግዳ ነው። ባለቤት ወደ ገዛ ቤቱ ሲገባ አይጣራም፤ አባቴ ጉሮሮውን ጠረግ ነበር የሚያደርገው፣ እኛም ያን ስንሰማ ተነሥተን እንቀመጣለን። እኔ ትዳር ይዤ ቤት ስሠራም እንደዚያው ጉሮሮውን ጠርጎ ይገባ ነበር። ለሰው ቤት ነው የሚጣራው፤ ለአማቹ ቤት፣ ለዳኛው ቤት።

ይህን ሁሉ ጊዜ አንቺ ቤት እንግዳ ሆኖ ነው ያለው። ባንቺ ጥፋት አይደለም። እኔ በየስልኩ «መጣን፣ ደረስን፣ የራስዎ ቤት ይኖርዎታል» ስለምለው ነው። የራሱን ቤት የሚጠብቅ ሰው በመንገድ ባገኘው ቤት አይረጋም።

ያለው ይህ ነው፦ መልሱ ከመጣ ቆይቷል። የእኛ ስም አላለፈም። ይግባኝ ብያለሁ፤ አሠራሩን የሚያውቁ ሰዎች ሲሰሙ ፊታቸውን ያዞራሉ። ሻንጣ አልገዛንም። በስልክ ልነግረው ሞክሬ ነበር፤ «ልጆቹ በረዶ ይወዱ ይሆን?» አለኝና ስልኩን ለልጆቹ ሰጠሁት።

ሌላ መንገድ አለ ብለሽ ሳትጽፊው ተውሽው። ልቅናሽም እኔም ገብቶናል። የአረጋውያን ቤት ማለትሽ ነው። ብታደርጊውም አልቀየምሽም፤ ከዚህ ሆኜ የምቀየምበት አፍ የለኝም። ግን ከዚያ በፊት ከዚህ ጋር ያለውን ወረቀት አንብቢለት። በአንቺ ድምፅ ይሻላል።

ውበቱ

(በዚሁ ውስጥ የታጠፈ)

ለአባቴ ለአቶ አይቸው፣

አባባ፣ ጉልበትዎን እስማለሁ። ሻንጣ ገዛን ያልኩዎ ውሸት ነው። እኛ አልተፈቀደልንም። ይፈቀድ ይሆናል፣ ላይፈቀድም ይችላል፤ ይህን ቆመው አይጠብቁ። ልጆቹ ደህና ናቸው። የአሮጌው ቤት ክዳን አላፈሰሰም፤ በሩን እኔው በአዲስ ቀይሬዋለሁ።

እትዬ አዝመራ የአጎትዎ ልጅ ልጅ ናት። ቤቷ የሰው ቤት አይደለም። ከእንግዲህ ሳይጣሩ ይግቡ።

ልጅዎ ውበቱ

*

ኢየሩሳሌም፣ መጋቢት 21 ቀን 2015 ዓ.ም.

የዛሬ ጠዋት፦ የመጨረሻው እንጀራ ገባ፤ እርሾ ስላለበት ከፋሲካ በኋላ እንጂ አይመጣም። መደርደሪያው ግማሹ ታጥቧል። ከዚቫ ወረቀት የለም። ከኤራን የታደሰ ውል፣ ተፈርሞ።

ወንድሜ ውበቱ፣ እንኳን ለበዓሉ አደረሳችሁ። በያላችሁበት ሰላም ይዋልላችሁ።

ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ሱቅ ውስጥ ነበርኩ። አንብቤ አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ለአባባ የጻፍከውን በዚያ ቀን አላነበብኩላቸውም፤ በማግስቱም። ሥራ በዛ እያልኩ ነበር። ሥራ አልበዛም።

አርብ ጠዋት አብሬያቸው ወጣሁ። ግንቡን እየዳሰሱ ከፊቴ ሄዱ፤ እኔ ከኋላ። ድንጋዩ ላይ ስንቀመጥ መነኩሴው ብቅ ብለው እኔን ሲያዩ ሰላም ብለውን ተመለሱ። ወረቀቱን አወጣሁና አነበብኩላቸው። ቀስ ብዬ፣ ምንም ሳልዘል።

ጎዳናው ላይ አንዲት ሴት ልጅዋን እየጎተተች አለፈች። ከዚያ፣

«ስለ ክዳኑ ያለውን ድገሚልኝ» አሉ።

ደገምኩላቸው።

«በሩን በምን እንጨት ሠራው?»

«አልጻፈም።»

«መቼም በዋንዛ ይሆናል» አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ «አንቺ ታውቂ ነበር?»

«አላውቅም ነበር። እኔም አሁን ነው የሰማሁት።»

«እሺ» አሉና ተነሡ። ፀሐይዋ ገና አልበረታችም ነበር።

የሕንፃው በር ጋ ደርሰን ገባን። እንደ ወትሮው ከደረጃው ሥር ቆሙ፤ እኔም ቆምኩ። አፋቸውን ከፈቱ፣ በትራቸውን ተከሉ። ሾኮ ከላይ በሩን ሲቧጭር ይሰማል። አባባ ትንሽ ቆዩና ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ከዚያ የደረጃውን ድጋፍ ይዘው መውጣት ጀመሩ። ውሻው አልጮኸም። እኔ ከኋላቸው ነበርኩና ፊታቸውን አላየሁም፤ አለማየቴም ጥሩ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ አልተጣሩም። ደረጃው ጸጥ ብሏል። ይህን ጸጥታ ለማግኘት ስንት ወር ደከምኩ፤ አሁን ሲመጣ የማልወደው ነገር አለው። ስለ አንተ መጠየቅ አቁመዋል ማለቴ አይደለም። ይጠይቃሉ፤ ግን «መቼ» የምትለዋን አይጨምሩም።

ሌላው መንገድ ያልከው ነው። ያን የአረጋውያን ቤት ሄጄ አይቼው ነበር፤ ንጹሕ ነው። ከዚህ በኋላ አላነሣውም።

ዚቫ ትናንት ሱቅ መጣች፤ ከዚህ በፊት መጥታ አታውቅም። ምስር ገዛች። የተላከውን ክስ እንዳነሣች ነገረችኝ።

«ውሻውን ሰጠሽው?»

«የለም፣ ቤት ነው።»

«ያ ሰውዬስ? አሮጌ ዕቃ የሚገዛው? ድምፁ ጠፋ። እንግዲህ ለምጄው ነበር መሰለኝ፣ አሁን በሱ ሰዓት ያለ ምክንያት እነቃለሁ።»

«ቤቱ ገባ» አልኳት።

«የት ነው ቤቱ?»

«እኛው ጋ፣ ከላይ። አጎቴ ናቸው።»

ዚቫ ምስሩን እንደያዘች ቀረች። ይህን ያህል ጊዜ ለምን እንዳልነገርኳት ትጠይቀኛለች ብዬ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። አልጠየቀችም። «ጠዋት ሻይ ይጠጣሉ?» አለችኝ። ይጠጣሉ አልኳት፣ ስኳር በዛ አድርጊበት።

የይግባኙን ወረቀት ቅጂ ላክልኝ። እዚህ ፊት የማያዞር ሰው ካገኘሁ አሳየዋለሁ። ተስፋ ልሰጥህ አይደለም፤ ወረቀቱ ሁለት ቦታ ቢኖር ይሻላል። አባባም የበሩን እንጨት ጻፍልኝ ብለዋል፤ እሱን አትርሳ።

ነገ፦ ኦሽራት ለበዓሉ ትመጣለችና አንድ ቁልፍ ማስቀረጽ። ማሰሮው ሥር የነበረውን አባባ ኪሳቸው ከተውታል።

አዝመራ